ከግድግዳው መስታወቱ የሚበዛ ቤት

(ሼፊልድና አካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቡድን ጉብኝት በፊት የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ሀርድዊክ ሆልን ልንጎበኝ ነው። «ሄደን ድንጋይ አይተን ከምንመለስ፣ ምን እንደምናይ አስቀድመህ ንገረን» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ቤቱን ስለምወደው እኔም አላንገራገርኩም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አብዛኞቻችሁ ቤቱን አይታችሁታል፤ ልብ አላላችሁትም እንጂ። በኤም ዋን አውራ ጎዳና ወደ ለንደን ስትወርዱ፣ መውጫ 29ን እንዳለፋችሁ፣ በግራ በኩል ኮረብታ ጫፍ ላይ የተኮፈሰ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። ስድስት ማማዎች አሉት። ማምሻ ላይ ፀሐይ ስትመታው መስኮቶቹ በእሳት የተያያዙ ይመስላሉ። የምታሽከረክሩ ሰዎች ግን እባካችሁ መንገዱን እዩ።

ቤቱ ያለው ደርቢሸር ውስጥ ነው። የተሠራው ከ1590 እስከ 1597 ነው። ያሠራችው የሽሩዝበሪው ኧርል (ኧርል ከመስፍን ዝቅ የሚል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ሚስት የነበረችው ኤልሳቤጥ ናት። ታሪክ የሚያውቃት ግን «ቤስ ኦቭ ሀርድዊክ» በሚለው ስሟ ነው። በማማዎቹ አናት ላይ፣ ሰማዩን ተንተርሰው፣ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ፊደላት ይታያሉ። ኢ እና ኤስ። ኤልሳቤጥ ሽሩዝበሪ። በላያቸው የማዕረግ ዘውድ ተደፍቶባቸዋል። በየማማው ላይ ደጋግማ አስቀርጻቸዋለች። እንግዳ መጥቶ «የማን ቤት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ዕድል አልሰጠችም።

ስለ እንዲህ ያለ ቤት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ፍቅርና ስለ መናፍስት ነው። እኔ ሀርድዊክን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ለእኔ ይህ ቤት የአንዲት መበለት የሒሳብ መዝገብ ነው። ገንዘቧን ራሷ ቆጥራ፣ ራሷ ፈርማ፣ ራሷ ያወጣች ሴት ያስገነባችው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ የሚገባን እሷን ስናውቅ ነው። ስለዚህ ከእሷ እንጀምር።

ቤስ በ1520ዎቹ እዚያው ሀርድዊክ ተወለደች። ቤተሰቧ ድሃ አልነበረም፤ ግን ስሙ የሚጠራም አልነበረም። ትንሽ መሬት ያለው የገጠር ባላባት ነው። አባቷ የሞተው ሕፃን ሳለች ነው። በዚያ ዘመን ወራሹ ልጅ ሆኖ አባት ከሞተ፣ ዘውዱ፣ ማለትም የንጉሡ መንግሥት፣ መሬቱን በሞግዚትነት ስም ይይዘው ነበር። ሞግዚትነቱ ደግሞ ይሸጣል። የገዛው ሰው ልጁ እስኪያድግ ድረስ ገቢውን ይበላል። የቤስ ቤተሰብ በዚህ ተጎሳቆለ። እሷም ትምህርቷን ያገኘችው ከዚያ ይመስለኛል፤ ወረቀት ያልያዘ ሰው መሬቱን ይነጠቃል።

ሕጉን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ያገባች ሴት የራሷ የሚባል ንብረት አልነበራትም። ይዛ የመጣችው ሁሉ ባሏ እጅ ይገባል። በስሟ ውል መዋዋል አትችልም። ባሏ ሲሞት ግን ከመሬቱ ሲሶውን ዕድሜ ልኳን የመብላት መብት ታገኛለች። ንብረቷንም ራሷ ታዛለች። ይቅር በሉኝና፣ በሕግ ፊት ሴት ልጅ ሙሉ ሰው የምትሆነው ባሏ ሲሞት ነበር።

ቤስ አራት ጊዜ አገባች። አራት ጊዜም መበለት ሆነች።

የመጀመሪያው ባሏ ሮበርት ባርሎ ገና ልጅ ነበር፤ በ1544 ሞተ። ሲሶዋን ለማግኘት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባት። ሄደች፤ ተከራከረች፤ አገኘች። ሁለተኛው በ1547 ያገባችው ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ ነው። ይሄ ሰውዬ የንጉሡ ገንዘብ ያዥ ነበር። ከዚያ በፊት ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት ዘግቶ መሬታቸውን ሲወርስ ሒሳቡን ከሠሩት ሹማምንት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የነበረ ሰው እጁን ባዶ አድርጎ ወደ ቤቱ አይገባም። በ1549 ባልና ሚስቱ የቻትስወርዝን ርስት በ600 ፓውንድ ገዙ። አዎ፣ ያ ታዋቂው ቻትስወርዝ። ስምንት ልጆች ወልደው ስድስቱ አደጉ። የዛሬዎቹ የዴቨንሸር መስፍኖች ዘራቸው ከዚህ ጋብቻ ነው።

ካቨንዲሽ በ1557 ሲሞት ዘውዱ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ጠየቀበት። ቤስ መሬቷን ሸጣ ልትበተን ትችል ነበር። ሦስተኛ ባሏን ሰር ዊልያም ሴንት ሎን አገባች። እሱ ደግሞ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘበኞች አለቃ ነው። ዕዳው በእሱ ዘመን መስመር ያዘ። ሲሞት ንብረቱን ለእሷ ተናዘዘ፤ የራሱ ሴቶች ልጆች እያሉ ማለት ነው። እነሱ ምን እንዳሏት መገመት አያቅትም።

አራተኛው ባሏ የሽሩዝበሪው ኧርል ጆርጅ ታልቦት ነው። ከአገሪቱ ታላላቅ ሀብታሞች አንዱ። እዚህ ላይ የቤስን ጭንቅላት እዩ። ራሷ ብቻ አላገባችም። የእሷን ወንድ ልጅ ለእሱ ሴት ልጅ፣ የእሷን ሴት ልጅ ለእሱ ወንድ ልጅ አብራ ዳረች። ሀብቱ በየትኛውም በር ቢወጣ በሌላው በር ተመልሶ የሚገባው ወደ እሷ ዘር ነው።

ይህ ጋብቻ ግን ከፋ። በ1569 ንግሥት ኤልሳቤጥ ለኧርሉ ከባድ አደራ ሰጠችው። ከአገሯ ሸሽታ የመጣችውን የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪን በቁም እስር እንዲጠብቅ። ለአንድ ሁለት ዓመት የመሰላቸው ነገር አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። ከመንግሥት የሚመጣው ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜሪና ቤስ አብረው ተቀምጠው ጥልፍ ይጠልፉ ነበር። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ በገንዘብም በሌላም ተባልተው ተለያዩ። ንግሥቲቱ ራሷ ሽማግሌ ሆና ገባች፤ አልተሳካላትም።

ቤስ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመለሰች። ወንድሟ ጄምስ በዕዳ ተይዞ ለንደን እስር ቤት ውስጥ በ1581 ሞቶ ነበር። የአባቷን ርስት በ1583 በ9,500 ፓውንድ ገዛችው። የተገዛው በልጇ በዊልያም ስም ነው። ባል ያላት ሴት ነቻ! በስሟ ብትገዛው የተጣላችው ባሏ እጅ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ግንባታው እንምጣ። ቅዳሜ ስንደርስ መጀመሪያ የምታዩት ፍርስራሽ ነው። ግራ እንዳይገባችሁ። እሱ የድሮው ሀርድዊክ ሆል ነው። ቤስ በ1587 አካባቢ ያንን ማሠራት ጀመረች። ገና ሳያልቅ፣ በኖቬምበር 1590 ባሏ ሞተ። ሲሶዋ ተለቀቀላት። በአንድ ጊዜ በእንግሊዝ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ ከሁሉ ሀብታም ሴት ናት ተባለች። ምን አደረገች? ከድሮው ቤት አጠገብ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ ሌላ ቤት ጀመረች። እንዲያውም የአዲሱ መሠረት መቆፈር የጀመረው ባሏ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የድሮውም ግንባታ አልቆመም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሠሩ። ድሮው ቤት ለአሽከሮችና ለእንግዶች ሆነ። በኋለኞቹ ዘመናት ጣሪያው ተነሥቶ እንዲሁ ቀረ።

የአዲሱ ቤት ንድፍ የሮበርት ስሚትሰን እንደሆነ ይታመናል። ስሚትሰን ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ የጀመረ ሰው ነው። ሎንግሊት በሚባለው ቤት ሠርቷል። ኖቲንግሃም ያለውን የዎላተንን ሆል ያቀደውም እሱ ነው። የሚኖርበት ዘመን እንግሊዞች «አርክቴክት» የሚለውን ሙያ በቅጡ ያልለዩበት ነው። የሞተው በ1614 ሲሆን የመቃብሩ ጽሑፍ ግን በዚሁ ማዕረግ ይጠራዋል። በወረቀት ላይ የተሣለ ከሀርድዊክ ጋር የሚመሳሰል ፕላን ከሥዕሎቹ መካከል ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ስሚትሰን በየቀኑ ሳይት ላይ አልነበረም። ግንባታውን ያንቀሳቀሱት የቤስ የራሷ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው ጆን ባልቹዝ፣ የኖራ ልስን ቀራጩ አብርሃም ስሚዝ፣ የእብነ በረድ ሠራተኛው ቶማስ አከርስ። የሒሳብ መዛግብቱ እስከ ዛሬ አሉ። ቤስ ገጾቹን እያየች ትፈርም ነበር። ከመዛግብቱ ውስጥ አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። አከርስ ጥቁር ድንጋይ የሚሰነጥቅ መሣሪያ ፈለሰፈ። ቤስ ለዚህ ሽልማት ለሚስቱ የቀሚስ መግዣ 20 ሺሊንግ ሰጠች። ለባልየው ሳይሆን ለሚስትየው! ሴትዮዋ ገንዘብ የት እንደሚገባና የት እንደሚቀር ታውቃለች።

ዕቃውም ከሞላ ጎደል ከራሷ ግዛት ነው። ድንጋዩ ከኮረብታው ሥር ተፈንቅሎ ወጣ። እንጨቱ ከደኖቿ፣ እርሳሱ ከማዕድኖቿ መጣ። የመስታወት ፋብሪካም ነበራት። ይህን አስምሩበት። መስታወት በዚያ ዘመን የሀብታም ዕቃ ነበር። ቤት ሲለቁ መስኮቱን ነቅሎ መውሰድ የተለመደ ነበር። ቤስ ግን ፊት ለፊቱን በሙሉ በመስታወት ሞላችው። የአካባቢው ሰው «ሀርድዊክ ሆል፣ ከግድግዳው መስታወቱ የሚበዛ» እያለ ግጥም አወጣለት። ግጥሙ እስከ ዛሬ ይባላል።

ግንበኞች ካላችሁ አንድ ጥያቄ ታነሣላችሁ። ውጪው ሁሉ መስኮት ከሆነ ቤቱን ማን ተሸከመው? መልሱ መሐል ነው። በቤቱ ውስጥ ወፋፍራም የውስጥ ግድግዳዎች ያልፋሉ። ጭስ ማውጫዎቹም አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ተቀብረዋል። የውጪው ግድግዳ በአብዛኛው ከምድጃና ከጭስ ማውጫ ነፃ ስለሆነ ለመስኮት ቦታ ተረፈው። በዚያ ላይ ማማዎቹ ከየጎኑ ይደግፉታል። የተወሰኑት መስኮቶች ደግሞ የውሸት ናቸው። ከውጭ መስታወት ነው፤ ከኋላው ግን ጭስ ማውጫ ወይም ባዶ ግድግዳ አለ። ስሚትሰን ግራና ቀኙ እኩል እንዲታይ ብሎ ምንም ነገር አላሳለፈም። እኔ በግሌ ይህ ትንሽ ማጭበርበር ቤቱን ይበልጥ እንድወደው አድርጎኛል።

ከውጭ ስታዩት ሌላም ነገር ልብ በሉ። መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቁመታቸው ይጨምራል። ታች አጫጭር ናቸው፣ መካከሉ ይረዝማል፣ ላይኛው ፎቅ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው በተለምዶ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ምክንያቱ የማዕረግ ነው። ምድር ቤቱ የአሽከሮችና የወጥ ቤት ነው። አንደኛው ፎቅ የቤስና የቤተሰቧ መኖሪያ ነው። ላይኛው ለንግሥት የሚመጥን የክብር ክፍል ነው። አላፊ አግዳሚው ሳይገባ፣ ከሩቅ፣ ከመስኮቱ ቁመት ብቻ ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

በሩን ስትገቡ የምታገኙት ትልቁ አዳራሽ ነው። ይህ አዳራሽ በእንግሊዝ የቤት አሠራር ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣ ነው። ከዚያ በፊት የመኳንንት አዳራሽ በቤቱ ርዝመት ልክ ወደ ጎን ይጋደም ነበር። በሩም ጥግ ላይ ነው። ጌታው በአንደኛው ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡና አሽከሩ እዚያው አብረው ይበላሉ። ሀርድዊክ ላይ ግን አዳራሹ ዞረ። ከፊት በር ወደ ኋላ፣ ቤቱን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ። በሩ መካከል ላይ ሆነ። ግራና ቀኙ ተስተካከለ። ይህ ውበት ብቻ አይደለም። ጌታና አሽከር አብረው መብላታቸው እያበቃ ነበር። አዳራሹ ከመብያነት ወደ መግቢያነት ወረደ። ጌቶቹ ወደ ላይ ወጡ።

ስለዚህ እኛም እንውጣ። ደረጃው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው። እየተጠማዘዘ፣ አንዴ ጨለማ ውስጥ አንዴ ብርሃን ውስጥ እያስገባ፣ ከታች እስከ ላይ ይወስዳል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ እናቶች ቀስ በሉ፤ መቀመጫ አለ። የቤስ ምግብም በዚሁ ደረጃ በሰልፍ ይወጣ ነበር። ወጥ ቤቱ ምድር ላይ፣ የግብዣ ክፍሉ ላይኛው ፎቅ ላይ። ትኩስ ምግብ ደርሷት እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ። ግን ክብሩ በሰልፉ ነው እንጂ በሙቀቱ አይደለም። ምግቡ ካለቀ በኋላ የተመረጡት እንግዶች ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ በእርሳስ በተሸፈነው ሜዳ ላይ ተራምደው፣ ማማ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ጣፋጭ ይበሉ ነበር።

ላይኛው ፎቅ ላይ ታላቁ የላይ እልፍኝ የሚባለውን ክፍል ታገኛላችሁ። እዚህ ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በሽመና ሥዕል በተሠሩ ትልልቅ የግድግዳ መጋረጃዎች ተሸፍኗል። ታፔስትሪ ይሏቸዋል። የግሪኩን ጀግና የኡሊሲስን ታሪክ ያሳያሉ። ቤስ የገዛቻቸው በ1587 ነው፤ ክፍሉ ሳይሠራ። ክፍሉ ነው በእነሱ ልክ የተሰፋው። ከላያቸው አብርሃም ስሚዝ በልስን የቀረጸው፣ ቀለም የተቀባ፣ ክፍሉን የሚዞር ደን አለ። አጋዘን አለ፣ ዝሆን አለ፣ አንበሳ አለ። መካከል ላይ የአደን አምላክ የምትባለው ዲያና ተቀምጣለች። ድንግሊቱ ዲያና ለድንግሊቱ ንግሥት ለኤልሳቤጥ የተሰጠች ውዳሴ ናት። የንግሥቲቱ አርማም ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል።

ክፍሉ ንግሥቲቱን ይጠብቅ ነበር። አልመጣችም። አንድ ቀን እንኳ።

ሌላ ንግሥትም ይጠብቅ ነበር። ይህ የቤስ ትልቁ ቁማር ነው። ሴት ልጇን ኤልሳቤጥ ካቨንዲሽን በ1574 ለቻርልስ ስቱዋርት ዳረቻት፤ ንግሥቲቱን ሳታስፈቅድ። ቻርልስ የንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ዘር ነው። በ1575 አርቤላ ተወለደች። ይህች ሕፃን፣ ልጅ ላልወለደችው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ወራሽ ልትሆን ከሚችሉት አንዷ ሆነች። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞቱ። አያቷ ቤስ አሳደገቻት። አርቤላ ብዙ ቋንቋ ተማረች። ግን ከአያቷ ዓይን እንዳትርቅ ተደርጋ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት እንኳ እንደ ሕፃን ነበር የምትጠበቀው። በ1602 ማብቂያና በ1603 መጀመሪያ ለማምለጥ ሞከረች። ቤስ ተናደደች፤ ከኑዛዜዋ ፋቀቻት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ንግሥቲቱ ሞተች። ዘውዱ ለስኮትላንዱ ጄምስ ሄደ። አርቤላ በ1610 በምስጢር አገባች፤ በቀጣዩ ዓመት የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ፈረንሳይ ስትሸሽ ባሕር ላይ ተያዘች፤ በ1615 ለንደን ግንብ ውስጥ እስረኛ ሆና ሞተች። በዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ የማዝነው ለእሷ ነው።

አስጎብኚዎች «የስኮትላንድ ንግሥት ክፍል» የሚባል ሊያሳይዋችሁ ይችላሉ። ሜሪ እዚያ ተኝታ አታውቅም። የተገደለችው በ1587 ነው፤ ይህ ቤት ገና አልተጀመረም። በኋላ ዘመን የመጡ ሰዎች ናቸው ታሪኩን ያሳመሩት። እሱን እንለፈው።

ቤስ ወደ አዲሱ ቤት የገባችው በኦክቶበር 4 ቀን 1597 ነው፤ በሙዚቃ ታጅባ። ዕድሜዋ ሰባ ሳይሞላ አልቀረም። የ1601 የዕቃ ዝርዝር ስላለን መኝታ ቤቷ ምን እንደነበረ እናውቃለን። ላይ ያለውን ወርቅና ሐር እርሱት። የእሷ ክፍል አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ተደርቧል። መስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ በሩ ላይ ሳይቀር መጋረጃ። ዙሪያውን የተቆለፉ ሣጥኖች። ስድስት መጻሕፍት ብቻ፤ በስም የተጠቀሱት ሃይማኖታዊ ናቸው። ቅዝቃዜው የመስታወቱ ዋጋ ነው። ያ ሁሉ መስኮት በደርቢሸር ክረምት ነፋሱን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። አገሩን ያስቀናው ቤት ባለቤቱን ያንቀጠቅጣል። እዚህ አገር ሄቲንግ ቢል (የቤት ማሞቂያ ክፍያ) መጥቶለት የሚያውቅ ሰው ይረዳታል።

ስለ ጨርቁ ሳልነግራችሁ ባልፍ እናቶቼ ይቀየሙኛል። በሀርድዊክ ያለው ጥልፍና የግድግዳ ጨርቅ ከዚያ ዘመን ከተረፉት ስብስቦች ሁሉ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከእነሱ ውስጥ የጥንት ጀግና ሴቶችን የሚያሳዩ ትልልቅ ጨርቆች አሉ። ፔኔሎፔ፣ ሉክሪስ፣ ዘኖብያ፣ አርጤሚስያ። አምስተኛዋ ክሊዮፓትራ ጠፍታለች። ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። ቀሚሳቸው የተቆራረጠ የካህናት ካባ ነው። ገዳማቱ ሲዘጉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲራቆቱ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈው ካባ ላንቃ ለገበያ ወጣ። የቤስ ቤት ገዛው፣ ቀደደው፣ የአረማዊ ንግሥቶችን አለበሰበት። ለእኛ ሲሰማ ይቀፋል። እዚያ ጨርቅ ፊት ስቆም የእጅ ሥራው ያስደንቀኛል፣ አመጣጡ ደግሞ ይከነክነኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ከባሏ ጋር ስትጣላ እነዚህ ጨርቆችም ክርክር ውስጥ ገብተው ነበር። ኧርሉ «የእኔ ናቸው» አለ። ቤስ የሰጠችው መልስ ተጽፎ ይገኛል። አብዛኛውን የሠሩት ቻትስወርዝ ያሉ አሽከሮቿ፣ ሴቶቿና አንዳንድ ልጆች ናቸው፤ ሙያተኛ ጠላፊ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጥራ አታውቅም። ክብር ሳይሆን ቁጠባ ነው መከራከሪያዋ።

በፌብሩዋሪ 1608 ሞተች። አንድ ተረት አለ። ግንባታ እስካላቆመች ድረስ እንደማትሞት ተነግሯት ነበር ይላል። ያ ክረምት በጣም ከባድ ውርጭ ነበር፤ ኖራው ደረቀ፣ ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፣ እሷም ሞተች። ውርጩ እውነት ነው። ትንቢቱን ግን ከሞተች ብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው የጻፉት። የተቀበረችው ደርቢ ከተማ፣ ዛሬ ካቴድራል በሆነው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሀብቷን ያወረሰችው ለሁለተኛው ልጇ ለዊልያም ነው። እሱ የዴቨንሸር ኧርል ሆነ፤ ዘሩ በ1694 ወደ መስፍንነት ከፍ አለ። መስፍኖቹ ግን ቻትስወርዝን መረጡ። ፋሽን ሲለወጥ ቻትስወርዝን አፈረሱት፣ መልሰው ሠሩት፣ አስፋፉት። ሀርድዊክ ሁለተኛ ቤት ሆኖ ቀረ። የተሰበረው አይተካም፣ ያረጀው አይቀየርም። ያዳነውም ይኸው ነው። ባለቤቶቹ ቢወዱት ኖሮ ዛሬ የምናየው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነበር። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ የዚህ ቤተሰብ መምህር ሆኖ ኖሮ፣ በ91 ዓመቱ በ1679 የሞተው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። መቃብሩ ቅርብ ባለችው በኦልት ሃክናል ቤተ ክርስቲያን ነው።

ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ የወጣው በግብር ምክንያት ነው። 10ኛው መስፍን ርስቱን በ1946 ለልጁ አስተላለፈ። ሕጉ ሰጪው ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት እንዲኖር ይጠይቃል። መስፍኑ በኖቬምበር 1950 ሞተ። አምስቱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የውርስ ግብሩ 80 በመቶ ሆነ። በ1956 ሀርድዊክ ለዕዳው ማካካሻ ወደ መንግሥት ሄደ፤ በ1959 ታሪካዊ ቤቶችን የሚጠብቀው ድርጅት ናሽናል ትረስት ተረከበው። በዚያው ክፍለ ዘመን ከ1,000 በላይ የእንግሊዝ የገጠር ትልልቅ ቤቶች ፈርሰዋል።  የመጨረሻዋ ነዋሪ መበለት ናት፤ የ9ኛው መስፍን ሚስት ኤቭሊን። በእርጅናዋ ተቀምጣ የተበጣጠሱትን ታፔስትሪዎች በመርፌ ትጠግን ነበር።

የቀረኝ ረጅሙ ጋለሪ ነው። ከላይኛው እልፍኝ ቀጥላችሁ ትገባላችሁ። ርዝመቱ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ዝናብ ሲዘንብ ሰዎች እንዲንሸራሸሩበት፣ ሥዕል እንዲያዩበት የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን የሚተርኩ 13 ታፔስትሪዎች አሉ። ቁመታቸው ወደ ስድስት ሜትር ነው። ጌዴዎንን ስለምታውቁት ታሪኩን ልጆቻችሁ እንዲለዩ አድርጓቸው፤ ፀምሩን፣ ማሰሮውን፣ ችቦውን።

እነዚህ የተሠሩት ለቤስ አልነበረም። የንግሥቲቱ ባለሟል የነበረው ሰር ክሪስቶፈር ሃተን ነው ያሠራቸው። ሃተን በ1591 ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ሞተ። ቤስ በቀጣዩ ዓመት ለንደን ሄዳ ከወራሹ በ326 ፓውንድ፣ 15 ሺሊንግና 9 ፔኒ ገዛቻቸው። ግን የሃተን የቤተሰብ ምልክት ጨርቁ ላይ ተሸምኖበታል። እሱን በራሷ ምልክት መሸፈን ሊኖርባት ነው። ለዚህ ድካም 5 ፓውንድ ቅናሽ አስደረገች! ከዚያ የራሷን ምልክት በጨርቅ ላይ አሣለች፣ አሰፋችበት። የሃተን ምልክት ሴት አጋዘን ነበረች። የሀርድዊክ ቤተሰብ ደግሞ ባለ ቀንድ ወንድ አጋዘን ነው። አዲስ አጋዘን አላሠራችም። በሴቷ ላይ ቀንድ አስቀጠለችባት።

ናሽናል ትረስት እነዚህን 13 ታፔስትሪዎች አንድ በአንድ አውርዶ አጠበ፣ ጠገነ። ሥራው 24 ዓመትና 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። የመጨረሻው ተመልሶ የተሰቀለው በ2023 ነው። ብርሃን እንዳይጎዳቸው ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ቀንዶቹን ፈልጉ። አውቶቡሱ የሚነሣው በጠዋት ነው፣ በሐበሻ ቀጠሮ አትምጡ። ጥያቄ ያለው ካለ አሁን ልስማ።